ለሕክምና ሙከራ የተከፈላችሁ ገንዘብ ግብር አለበት

በአሜሪካ ጃንዋሪ ሲያልቅ የፖስታ ሳጥኑ በታክስ ወረቀት ይሞላል። የመሥሪያ ቤቱ ደብልዩ 2 ይመጣል። የባንኩ የወለድ ወረቀት ይመጣል። ኡበር የሚነዳው የኡበሩን ይጠብቃል። አንዳንዱ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ መሃል ያላሰበው 1099 የሚባል የገቢ ማሳወቂያ ወረቀት ያገኛል። ላኪው ሆስፒታል ወይም ዩኒቨርሲቲ ነው። ባለፈው ዓመት ለመድኃኒት ሙከራ ፈቃደኛ ሆኖ ደም ሲቀዳ፣ ክኒን ሲውጥ፣ ሌሊት ማሽን ተገጥሞለት ሲያድር የተከፈለው ሁሉ ተደምሮ ተጽፎበታል። ግልባጩም ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ አይ አር ኤስ፣ ዘንድ ደርሷል።

“እኔ እኮ ልረዳቸው ብዬ ነው የገባሁት” የሚል ሰው ብዙ ነው። ገንዘቡን የሚያየው እንደ ምስጋና ነው። ወይም ለነዳጅና ለፓርኪንግ እንደተሰጠ መደጎሚያ ይቆጥረዋል። የአሜሪካ የግብር ሕግ ግን እንደዚያ አያየውም።

ጉዳዩ ከእኛ ሰው የራቀ አይደለም። በሜሪላንድ ቤተዝዳ ከተማ ያለው ብሔራዊ የጤና ተቋም፣ ሁላችንም ኤን አይ ኤች የምንለው፣ ለምርምር ብቻ የተሠራ ትልቅ ሆስፒታል አለው። ሆስፒታሉ ከ1953 ጀምሮ በሽተኛም ጤነኛም ፈቃደኛ ሲቀበል ኖሯል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከሞሉበት ሲልቨር ስፕሪንግ ጥቂት ነድተው ይደርሱበታል። ባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስም ሩቅ አይደለም። የዲሲ ሆስፒታሎችም በየጊዜው ተሳታፊ ይፈልጋሉ። መድኃኒት የሚያጸድቀው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ኤፍ ዲ ኤ፣ በ2020 ላጸደቃቸው አዳዲስ መድኃኒቶች በተደረጉ ሙከራዎች ከገቡት ሰዎች ውስጥ ጥቁሮች 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ አጥኚዎች ወደ አፍሪካዊ ስደተኛው መንደር እየመጡ “እባካችሁ ተሳተፉ” ማለታቸው ተገቢ ነው። ሲመጡ ግን የገንዘቡን ነገር እስከ መጨረሻው ማስረዳት አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

ከሕጉ እንጀምር። የአሜሪካ የግብር ሕግ አንቀጽ 61 ገቢን የሚተረጉመው በጣም አስፍቶ ነው። ከየትም ይምጣ፣ ሌላ አንቀጽ ነፃ ካላደረገው በስተቀር ገቢ ገቢ ነው። ለሕክምና ሙከራ ተሳታፊ የተጻፈ ነፃ የሚያደርግ አንቀጽ የለም። ስለዚህ ክፍያው በቼክ ቢመጣ፣ ክሊንካርድ በሚባለው የሚሞላ ካርድ ቢመጣ፣ በ25 ዶላር ጊፍት ካርድ ቢመጣ ያው ነው። ገቢ ነው።

እዚህ ላይ አንድ በጣም የተስፋፋ ስህተት አለ። “1099 ካልመጣልኝ ግብር የለበትም” ይባላል። እንዲህ አይደለም። 1099 ከፋዩ ለመንግሥት የሚልከው ማሳወቂያ ነው። ወረቀቱ መጣም አልመጣም ግብሩ አለ። ከ1954 ጀምሮ ለረጅም ዘመን የማሳወቂያው መነሻ በዓመት 600 ዶላር ነበር። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ትልቁ የግብር ሕግ ይህን ወደ 2,000 ዶላር ከፍ አደረገው። አዲሱ መነሻ የሚሠራው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለተከፈለ ገንዘብ ነው። በ2025 ለተከፈለው ግን የድሮው 600 ዶላር ነው የሚሠራው። ብዙ ሰው “እስከ 2,000 ዶላር ነፃ ሆነ” ብሎ የሰማው ይህንን ነው። ነፃ የሆነው ወረቀቱን ከመላክ ነው።

ለውጡ ግን ምንም አልጠቀመም ማለት አይደለም። ወረቀት በቀነሰ ቁጥር የሰው ምስጢርም ይጠበቃል። ባልና ሚስት አብረው ታክስ ያሠራሉ እንበል። ሚስት ለባሏ ያልነገረችው ሕመም አለባትና ጥናት ገብታለች። 1099 ላይ የበሽታው ስም አይጻፍም፤ የከፋዩ ተቋም ስም ብቻ ነው ያለው። ቢሆንም ባል ወረቀቱን አንሥቶ “ይህ ሆስፒታል ለምንድን ነው 900 ዶላር የከፈለሽ?” ማለቱ አይቀርም። በአዲሱ መነሻ እንዲህ ያለው ወረቀት ወደ ቤት አይመጣም። ይህ ለብዙ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። ሥቃይ ችሎ የተከፈለ ገንዘብ እንዴት እንደ ደመወዝ ይታያል? ይህን ጥያቄ የአሜሪካ የግብር ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2015 ፊት ለፊት አግኝቶታል። ጉዳዩ የመድኃኒት ሙከራ አልነበረም፤ ግን በጣም ቅርብ ነው። ካሊፎርኒያ የምትኖር አንዲት ሴት ልጅ መውለድ ለቸገራቸው ጥንዶች እንቁላሏን ሁለት ጊዜ ሰጠች። በየጊዜው 10,000 ዶላር፣ በድምሩ 20,000 ዶላር ተከፈላት። ለዚያ ስትል ሆርሞን በመርፌ ስትወጋ ከረመች። ሰውነቷ በለዘ፣ ሆዷ ተነፋ፣ ሰመመን ተሰጥቷት እንቁላሉ ወጣ። ውሏም ገንዘቡ ለጊዜዋ፣ ለድካሟ፣ ለሕመሟና ለሥቃይዋ መሆኑን ይናገራል። ሕጉ ደግሞ ለአካል ጉዳት የሚከፈል ካሳን ከግብር ነፃ ያደርጋል። እሷም “የእኔም ይኸው ነው” ብላ ገንዘቡን ታክሷ ላይ ሳታስገባ ቀረች።

ፍርድ ቤቱ ፈረደባት። ምክንያቱ አጭር ነው። ካሳ ማለት ሳይፈልግ ለተጎዳ ሰው የሚከፈል ነው። እሷ ግን ሕመሙን አውቃ፣ ፈቅዳ፣ ውል ፈርማ ነው የገባችበት። ስለዚህ የአገልግሎት ክፍያ ነው ተባለ። ዳኛው ማርክ ሆምዝ የእሷ ክርክር ከተሰማ ቦክሰኛውም ለነስሩ፣ የሆኪ ተጫዋቹም ለተሰበረ ጥርሱ ከደመወዙ ላይ ነፃ ይደረግልኝ ሊል ነው ሲሉ ጻፉ። የመድኃኒት ሙከራ ተሳታፊም በዚሁ መስመር ነው የሚሄደው። ፈቅዶ ነው የገባው።

ፍርዱ በሕግ አመክንዮ ልክ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ክፍያው የአገልግሎት ዋጋ ነው ከተባለ፣ አገልግሎት የሰጠ ሰው የሚያገኘው ሌላው መብት የት ሄደ? ተሳታፊው የሥራ አጥ መድን የለውም። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ለሠራተኛ የሚከፈለው መድን አይሸፍነውም። ገንዘቡ “ሌላ ገቢ” በሚለው መስመር ሲገባ ለጡረታው የሶሻል ሴኩሪቲ ነጥብ አይቆጠርለትም። መድኃኒቱ ጉዳት ቢያደርስበት ስፖንሰሩ እንዲክስ የሚያስገድድ የፌዴራል ደንብ የለም። ደንቡ የሚጠይቀው፣ ጥናቱ ከቀላል በላይ የሆነ አደጋ ካለው፣ ካሳ ይኑር አይኑር በፈቃድ ቅጹ ላይ እንዲነገር ነው። “ካሳ የለም” ብሎ መጻፍም ይቻላል። ሰውየው ግብር ላይ ሠራተኛ ነው፤ መብት ላይ ግን በጎ ፈቃደኛ ነው።

ሌላም ነገር አለ። እዚህ ጋ ነው ገንዘቡ በትክክል የሚፈሰው።

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት እናት አስቡ። ባልቲሞር በሚደረግ ጥናት ገብታ ዓመቱን ሙሉ ትመላለሳለች። ምርመራው ጎሕ ሲቀድ ስለሚጀምር አንዳንዴ ሆቴል ታድራለች። በዓመቱ 3,000 ዶላር ተከፈላት። ቅጹ ላይ የተጻፈው በአንድ መስመር ነው፦ “ለጊዜና ለመጓጓዣ”። ከዚህ ውስጥ 1,000 ዶላሩ በነዳጅ፣ በፓርኪንግና በሆቴል አልቋል። የቤተሰቡ ገቢ 12 በመቶ እርከን ላይ ነው እንበል። ለፌዴራል 360 ዶላር። ለሜሪላንድ 4.75 በመቶ፣ 142 ዶላር ግድም። ለሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ3 በመቶ ትንሽ በላይ፣ 96 ዶላር ግድም። በድምሩ ወደ 600 ዶላር ይሆናል። ሆስፒታሉ የመንገዱን 1,000 ዶላር ለብቻ አድርጎ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ፣ “የወጪ ተመላሽ” ብሎ ቢከፍላት ኖሮ ግን ያ 1,000 ዶላር ገቢ ተብሎ አይቆጠርም ነበር። ግብሯ ወደ 400 ዶላር ይወርድ ነበር። 200 ዶላር የጠፋው በአከፋፈሉ ምክንያት ብቻ ነው።

“ወጪውን ራሷ ታክሷ ላይ ትቀንሰዋ” ይባል ይሆናል። አትችልም። እንዲህ ያሉ ልዩ ልዩ ወጪዎችን መቀነስ ከ2018 ጀምሮ ታግዷል፤ የ2025ቱ ሕግ ደግሞ እገዳውን ቋሚ አድርጎታል። ገቢው ሙሉ ይቆጠራል፣ ወጪው አይታይም።

በዚህ ላይ የሚገርመኝ አንድ የቆየ ፍርድ አለ። በ1980 የግብር ፍርድ ቤት ፊት የቀረበች አንዲት ሴት ኑሮዋ የደም ፕላዝማ በመሸጥ ነበር። የደም ዓይነቷ ብርቅ ስለሆነ ላቦራቶሪው ይፈልጋታል። ፍርድ ቤቱ ንግድ ነው አለና ወጪዋን እንድትቀንስ ፈቀደላት። ደሟን ለመጠበቅ የምትበላው ልዩ ምግብ ተቀነሰላት። ወደ ላቦራቶሪው የምትጓዝበት ገንዘብም ተቀነሰላት፤ ምክንያቱም ዕቃው ወደ ገበያ የሚሄደው በእሷ ሰውነት ውስጥ ነው፣ ዕቃ መያዣው እሷ ራሷ ናት ተባለ። ሰውነቴ ውስጥ ያለው ማዕድን እያለቀ ነው፣ እንደ ማዕድን ጉድጓድ ይታሰብልኝ ያለችውን ግን አልተቀበሉም። ከዚህ የሚወጣው ውጤት ይህ ነው። ደሟን እንደ ንግድ አዘውትራ የምትሸጠው መንገዷን ትቀንሳለች። ታማ፣ አንዴ ብቻ፣ ሌላውን ይጠቅማል ብላ ጥናት የገባችው አትቀንስም። ይህ ትክክል ነው ብሎ የሚከራከር ሰው አላየሁም።

ንግድ መባልም የራሱ ዋጋ አለው። ታክስ ስታሠሩ ገንዘቡ “ሌላ ገቢ” ተብሎ ነው ወይስ “የግል ሥራ” ተብሎ የገባው? ጠይቁ። የግል ሥራ ከተባለ 15.3 በመቶ የሚሆነው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር ይጨመራል። በ3,000 ዶላር ላይ ወደ 420 ዶላር ነው። ከጥናት ጥናት እየዞረ በዚያ ለሚኖር ጤነኛ ፈቃደኛ ይህ ሊገባ ይችላል። አንዴ ለገባ ሰው ግን ቦታው አይደለም። ብዙ ተቋማት ገንዘቡን የሚጽፉት በ1099 ሚስክ ሣጥን 3 ላይ ነው፤ ትርጉሙም “ሌላ ገቢ” ነው። ታክስ የሚሠራው ሰው “1099” የሚለውን ብቻ አይቶ እንደ ኡበር ገቢ እንዳያስገባው አጠገቡ ሆኖ ማየት ይበጃል። ልጆች ያሉት ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ነገር ልብ ይበል። ይህ ገንዘብ የሥራ ገቢ ስላልሆነ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚሰጠውን የታክስ ድጎማ አያሳድግም። ጠቅላላ ገቢን ከፍ ስለሚያደርግ ግን ድጎማውን ሊቀንሰው ይችላል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ለሚሠራ ሰው ነው። ለደኸየ ሰው ግብሩ ትንሹ ችግር ነው። ዋናው ጉዳት ያለው ኤስ ኤስ አይ በሚባለው፣ መንግሥት ለድሃ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በየወሩ በሚሰጠው ድጎማ ላይ ነው።

ብዙዎቻችን ወላጆቻችንን አምጥተናል። ዜግነት አግኝተው፣ 65 ዓመት አልፏቸው፣ በኤስ ኤስ አይና ሜዲኬይድ በሚባለው የድሆች የጤና መድን የሚኖሩ እናቶች በየቤቱ አሉ። በ2026 ሙሉው የፌዴራል ክፍያ ለአንድ ሰው በወር 994 ዶላር ነው። አሁን አንዲት የ70 ዓመት እናት የደም ግፊት መድኃኒት ጥናት ገብተው በአንድ ወር 420 ዶላር ተከፈላቸው እንበል። ኤስ ኤስ አይ በሥራ ካልተገኘ ገቢ ላይ የመጀመሪያውን 20 ዶላር ይተዋል። የቀረው 400 ዶላር፣ ዶላር በዶላር፣ ከክፍያቸው ይቀነሳል። 994 የነበረው 594 ይሆናል። እናትዬው ለተወጉት መርፌና ለተቀዱት ደም በእጃቸው የቀረው 20 ዶላር ነው።

ይህም የሚሆነው በጊዜ ካሳወቁ ነው። ኤስ ኤስ አይ የሚቀበል ሰው የተለወጠ ገቢ ካለው በሚቀጥለው ወር እስከ 10ኛው ቀን ድረስ ማሳወቅ አለበት። ካላሳወቁ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ “በትርፍ ተከፍሎሻል፣ መልሺ” የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ገንዘቡ ያኔ ለዶሮና ለመድኃኒት ወጥቶ አልቋል። በዚያ ላይ የሀብት ጣሪያው አለ። አንድ ሰው ባንክ ውስጥ ከ2,000 ዶላር በላይ ካለው ኤስ ኤስ አይ አይገባውም። ይህ ቁጥር ከ1989 ጀምሮ አልተነካም። የጥናቱ ክፍያ አካውንት ውስጥ ተጠራቅሞ ወሩ ከተለወጠ ጣሪያውን ሊያልፍ ይችላል።

ኮንግረስ ይህን ችግር አያውቀውም ማለት አይቻልም። በኦክቶበር 2010 የወጣ ሕግ በሙከራ የሚገኝ ክፍያ በዓመት እስከ 2,000 ዶላር ድረስ ለኤስ ኤስ አይና ለሜዲኬይድ እንዳይቆጠር አደረገ። ሕጉ ለአምስት ዓመት ተሞክሮ በኦክቶበር 2015 ቋሚ ሆነ። ግን የሚሠራው ለብርቅ በሽታዎች ጥናት ብቻ ነው። ብርቅ የሚባለው በአሜሪካ ከ200,000 ሰው በታች የያዘ በሽታ ነው። የስኳር በሽታ ከዚህ ውጭ ነው። የደም ግፊት ከዚህ ውጭ ነው። ከእኛ ሰው ብዙዎችን የሚያስጨንቀው ሄፓታይተስ ቢም ከዚህ ውጭ ነው። 2,000 ዶላሩም ከ2010 ወዲህ ከዋጋ ንረት ጋር አላደገም።

የብርቅ በሽታ ሕግ ሲወጣ ምክንያቱ ግልጽ ነበር። በሽተኛው ጥቂት ነው፣ አንድም ሰው እንዳይቀር እንፈልጋለን ተባለ። ይህን ምክንያት እረዳለሁ። ነገር ግን የደም ግፊት ያለባት እናት መርፌ ቀለል አይላትም። በሽታው ብዙ ሰው ስለያዘ ብቻ የእሷ 400 ዶላር ለምን ይወሰዳል? ኮንግረስ አንዴ “ይህ ገንዘብ እንደ ገቢ መቆጠር የለበትም” ብሎ ካመነ፣ በበሽታው ብዛት የሚለይበት በቂ ምክንያት አይታየኝም።

ተቃራኒውን ወገንም ልስማ። አንድ ጤነኛ ወጣት በመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ክሊኒክ ውስጥ ለሳምንታት ተኝቶ ብዙ ሺህ ዶላር ያገኛል። ጎረቤቱ በዚያው ጊዜ ምግብ ቤት ሳህን አጥቦ ያንኑ ያህል ያገኛል። ሳህን ያጠበው ግብር ከፍሎ ይህኛው ለምን ነፃ ይሆናል? ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ከክፍያ የሚኖር ጤነኛ ፈቃደኛ ግብር ይክፈል ቢባል አልቃወምም። ግብሩ እንደ ሠራተኛ ከሆነ ግን የሠራተኛው መብትም አብሮ ይምጣለት። ለታመመው፣ ለሚመላለሰውና ለድሃው ደግሞ ጣሪያ ያለው ነፃ መጠን ይኑር። በኮንግረስ ውስጥ እንዲህ ያለውን ክፍያ በሙሉ ወይም እስከ 2,000 ዶላር ድረስ ከግብር ነፃ ለማድረግ የቀረቡ ረቂቆች አሉ። ሕግ ሆነው አልወጡም።

ሌላው የሚነሣው ሥጋት “ገንዘብ ከበዛ ድሃው ተታልሎ ይገባል” የሚል ነው። የሥነ ምግባር ቦርዶች ክፍያውን ዝቅ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ኤፍ ዲ ኤ ግን በ2018 ባወጣው ማብራሪያ ክፍያንና የወጪ ተመላሽን ለይቷል። ተመጣጣኝ የሆነ የጉዞና የማደሪያ ወጪን መመለስ ሰውን አላግባብ ይገፋፋል ብሎ አያስብም። እስከ መጨረሻው ካልቆየህ ምንም አይከፈልህም የሚለውንም አሠራር አይደግፍም፤ ክፍያው ጥናቱ በገፋ ቁጥር እየተጠራቀመ እንዲሄድ ነው የሚፈልገው። ሰው በአራተኛው ጉብኝት ቢወጣ የአራት ጉብኝቱ ይገባዋል።

የመኖሪያ ወረቀት ለሌለው ሰው ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ከፋዩ የሶሻል ሴኩሪቲ ወይም አይቲን የሚባለውን የግብር ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥር ካልተሰጠ፣ ክፍያው ለአይ አር ኤስ የሚነገር ከሆነ፣ 24 በመቶው ከመነሻው ተቆርጦ ሊቀር ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ጥሎ የሚወጣው። አይ አር ኤስ በ2025 ከኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት ጋር መረጃ ለመለዋወጥ ስምምነት ከፈረመ በኋላ ይህን ፍርሃት “ዝም ብሎ ነው” ማለት አይቻልም። ለጉብኝት ወይም በተማሪ ቪዛ የመጣና በግብር ሕጉ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ደግሞ በሌላ ሕግ ነው የሚታየው። ለእሱ መነሻ መጠን የለም፤ ከመጀመሪያው ዶላር ጀምሮ 30 በመቶ ሊቆረጥበት ይችላል። አንዳንድ አገሮች ይህን የሚቀንስ የግብር ውል ከአሜሪካ ጋር አላቸው። ኢትዮጵያ የላትም። ተማሪ ከሆነ ቪዛው ክፍያ መቀበል ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድሞ ትምህርት ቤቱን መጠየቅ አለበት።

ፊርማ ከመፈረሙ በፊት የጥናቱን አስተባባሪ መጠየቅ የሚገባው ነገር ብዙ አይደለም። የመጓጓዣውና የሆቴሉ ገንዘብ ከክፍያው ተለይቶ ነው ወይ የሚከፈለው? ደረሰኝ ይፈለጋል ወይ? በዚሁ ተቋም ሌላ ጥናት ውስጥ ካለሁ ሁለቱ ይደመራሉ ወይ? (በአንድ ከፋይ ስም ከሆነ ይደመራሉ።) ለወላጆቻችሁ ከሆነ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ኤስ ኤስ አይ ለሚቀበል ሰው ክፍያውን መቀነስ፣ በየወሩ መከፋፈል፣ ወይም ጨርሶ አለመቀበል ይቻላል ወይ? አስተባባሪዋ መልሱን ካላወቀች የፋይናንስ ክፍሉን ትጠይቅላችሁ። መብታችሁ ነው። ኤስ ኤስ አይን በተመለከተ ከመግባት በፊት ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዶ የፈቃድ ቅጹን ማሳየት፣ የተባለውንም በጽሑፍ መቀበል በኋላ ከሚመጣው ደብዳቤ ያድናል።

ትልቁ ኃላፊነት ግን የተሳታፊው አይደለም። የሆስፒታሎቹና የመድኃኒት ኩባንያዎቹ ነው። እነሱ ኮንግረስን መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ታክሲውን ራሳቸው ጠርተው ራሳቸው መክፈል ይችላሉ። የሆቴሉን ሒሳብ በቀጥታ ለሆቴሉ መላክ ይችላሉ። በክፍያ ሰነዱ ላይ “ለጊዜና ለመጓጓዣ” የሚለውን አንድ መስመር ሁለት መስመር ማድረግ ይችላሉ። የፈቃድ ቅጹ ላይ “ክፍያው ለአይ አር ኤስ ሊነገር ይችላል” ከሚለው ዓረፍተ ነገር ሥር “ኤስ ኤስ አይ፣ ሜዲኬይድ ወይም የምግብ ድጎማ ከተቀበሉ ሊነካብዎ ይችላል” የሚል አንድ መስመር በአማርኛም መጨመር ይችላሉ። ይህን ሁሉ ማድረግ የሚጠይቀው የአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ጥቂት ሰዓት ነው። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ “ተሳተፉ” የሚል ወረቀት የሚበትን የጥናት ቡድን፣ እናቶቻችን ወደ ክሊኒኩ ከመሄዳቸው በፊት ይህን ሠርቶ ሊመጣ ይገባል።